የደጃፍ ቱቦ ሲፈርስ ወጪው ከየት ይመጣል?

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። መጀመሪያ በደጃፍ ላይ ቀጭን ፈሳሽ ሆኖ ይታያል። በማግስቱ አፈሩን ይልሳል። በሳምንቱ ቦይ ይቆርጣል። ክረምቱ ሳያልቅ የአጥሩን እንጨት ይነቅላል፤ የቤቱንም መሠረት ይነካል። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው በግቢ መግቢያ ሥር ስለሚቀበረው የውሃ መውረጃ ቱቦ ነው። ቱቦው ሲደፈን ወይም ሲፈርስ ጥገናው ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ገንዘብ ከየት ሊገኝ እንደሚችል፣ ከየትስ መበደር እንደማይገባ አንድ በአንድ እንመለከታለን።

የአካባቢያችን መሬትና ውሃው

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በቦረና፣ በወግዲ፣ በመሐል ሳይንትና በአካባቢያቸው ያለው መሬት በላይ በኩል ደጋ ነው። ከዚያ እየወረደ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይሄዳል። በሐምሌና በነሐሴ የሚዘንበው ዝናብም ይህንኑ ቁልቁለት ይዞ ወደ ዓባይ ይቸኩላል። በመካከል ያለው ደግሞ የእኛ ግቢና የእኛ ማሳ ነው።

ውሃው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንይ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። አንድ ግቢ ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 15 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 300 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በግቢው ላይ 9,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህ ውሃ 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሲሰፈር 45 በርሜል ይሞላል። ጥቂቱን መሬቱ ይጠጣዋል። ነገር ግን ከላይ ከዳገቱ፣ ከጎረቤትና ከመንገድ የሚመጣውን ገና አልቆጠርነውም።

ገበሬው ውሃን መምራት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ በቤቱ ጀርባ ቦይ ይቆፍራል። የግቢ መግቢያው የሰውና የከብት መሄጃ ብቻ በነበረበት ጊዜ ይህ ይበቃ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ግን ዩራፕ የተባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ተጀመረ። ዓላማው ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። መንገድ ሲመጣ በጎኑ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩም በመንገዱና በመንገድ ዳር ባሉት ቤቶች መካከል ይገባል። እንግዲህ ባለቤቱ ጋሪውን፣ እህሉንና ከብቱን የሚያሻግርበት ነገር ያስፈልገዋል። አንዱ የሲሚንቶ ቱቦ ይቀብራል። ሌላው የፕላስቲክ ቱቦ ይገዛል። ሌላው ደግሞ ባዶ በርሜል ሁለት ጫፉን ቆርጦ ይቀብራል። ሁሉም ለጥቂት ዓመታት ያገለግላሉ። ከዚያ ችግር ይመጣል።

ቱቦው ለምን ይፈርሳል?

ገንዘብ ከመፈለግ በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይቀድማል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተጠገነ ቱቦ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይፈርሳል። ያን ጊዜ ዕዳው አለ፤ ቱቦው ግን የለም። ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥሙት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ቱቦው ጠባብ ነው። ለግቢ መግቢያ ወርዱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቱቦ በቅጠል፣ በገለባና በደለል ቶሎ ይደፈናል። ሲደፈን በእንጨት ጎርጉሮ ለመክፈትም አይመችም።

ለ. ቱቦው ዘቀጥ ብሎ አልተቀበረም። ቱቦ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። 5 ሜትር ቱቦ ከሆነ የመውጫው ጫፍ ከመግቢያው 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ዝቅታ ከሌለው ውሃው ይተኛል፤ ደለሉንም እዚያው ይጥላል።

ሐ. አፈሩ ስስ ነው። ከቱቦው በላይ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር በደንብ የተጠቀጠቀ አፈር ከሌለ ጋሪ ወይም ባጃጅ ሲያልፍበት ቱቦው ይሰነጠቃል።

መ. መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፤ በጋ ይሰነጠቃል። ቱቦዎቹን ወዲያና ወዲህ እየገፋ መገጣጠሚያቸውን ያላቅቃል። ስለዚህ ከቱቦው ሥር ጠጠርና አሸዋ መደልደል ያስፈልጋል።

ሠ. መውጫው ድንጋይ አልተነጠፈበትም። ከቱቦ የሚወጣ ውሃ ኃይለኛ ነው። ከሥሩ እየቦረቦረ ወደ ኋላ ይመጣና ቱቦውን አንጠልጥሎ ይጥለዋል።

ረ. በርሜል ከሆነ ደግሞ ይዝጋል። ላዩ ደህና መስሎ ሥሩ ያልቃል። አንድ ቀን በሬ ወይም ልጅ ሲረግጠው ይደረመሳል። የከፋ አደጋ ያለውም በዚህ ላይ ነው።

ቱቦው የማን ነው?

«ጥገናውን ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው «ቱቦው የማን ነው?» የሚለው ሲመለስ ነው።

የመንገዱና የመንገድ ዳር ቦዩ ጉዳይ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ለመንገድ ጥገና የሚውል ገንዘብ ከነዳጅ ላይ እንዲሰበሰብ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በሕግ ተቋቁሟል። እንግዲህ የመንገዱ ቦይ ተንዶ ውሃው ወደ ቤታችን ከገባ፣ ወይም መንገዱን አቋርጦ የሚያልፈው ትልቁ ቱቦ ከተደፈነ፣ ይህን በግል ኪስ መጠገን የእኛ ድርሻ አይደለም። በገጠር ለቀበሌውና ለወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት፣ በከተማ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከት ይገባል።

ከቦዩ ወደ ግቢያችን የምንሻገርበት ቱቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ነው። የሚጠቀምበት እሱ ነው፤ ጥገናውም በእሱ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። የግቢ ቱቦው የፈረሰው የመንገዱ ቦይ ስለተበላሸ ነው? እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ቦዩ እንዲጠገን መጠየቅ አለበት። ቦዩ ሳይስተካከል የግቢ ቱቦ መግዛት ገንዘብን ለጎርፍ መስጠት ነው።

ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸገር እነሆ አንድ አብነት፦

ቀን ________
ለ________ ቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የመንገድ ዳር ቦይ እንዲጠገን ስለመጠየቅ
በ________ ጎጥ በቤቴ ፊት ለፊት ያለው የመንገድ ቦይ ከ________ ወር ጀምሮ ስለተናደ የክረምት ጎርፍ ወደ ግቢዬ እየገባ ነው። በዚህም ምክንያት ________ ጉዳት ደርሶብኛል። ባለሙያ መጥቶ እንዲያይልኝና ቦዩ ከሰኔ ወር በፊት እንዲጠገን በአክብሮት አመለክታለሁ።
ስም ________ ፊርማ ________

ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ ይሰጣል። በሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ ያስፍርበት፤ እሱን ቤት እናስቀምጠው። በወሬ የተነገረ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ግን ይጠየቅበታል። ከአንድ ሰው ማመልከቻም የአምስት ጎረቤት ማመልከቻ ይበልጥ ይደመጣል።

ወጪውን እንቁጠር

አሁን የግል ወደሆነው ቱቦ እንመለስ። ዋጋ ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ከዓመት ዓመትም ይጨምራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለመቁጠሪያ ያህል የተሰጡ ምሳሌዎች ናቸው። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ዋጋ ጠይቆ በእነዚህ ቦታ ይተካ።

ቱቦ 4,000 ብር
ሲሚንቶና አሸዋ 2,000 ብር
ማጓጓዣ 1,000 ብር
ግንበኛ 2,000 ብር
ቁፋሮና ድንጋይ ማቅረብ 3,000 ብር
ድምር 12,000 ብር

ይህን ያየ ሰው «ከየት አመጣለሁ? በሬዬን ልሽጥ?» ሊል ይችላል። አይቸኩል። መጀመሪያ ወጪው ሊቀንስ ይችል እንደሆነ ይመልከት።

አንደኛ፣ ለቁፋሮና ለድንጋይ ደቦ ይጠራ። ደቦ ያለ ነገር አይሆንም፤ ቆሎ፣ እንጀራና ቡና ይፈልጋል። ለዚህ 800 ብር ቢወጣ ከ3,000 ብር ላይ 2,200 ብር ይተርፋል። ብዙ ቤቶች ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው ደግሞ ወንፈል ይሻላል። ዛሬ የአንዱን ደጃፍ፣ ነገ የሌላውን እየተዘዋወሩ መሥራት ነው።

ሁለተኛ፣ ቱቦ መግዛት የግድ ላይሆን ይችላል። በአካባቢያችን ድንጋይ አለ። የቦዩን ግራና ቀኝ በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብቶ ላዩን በወፍራም ጠፍጣፋ ድንጋይ መክደን ይቻላል። ይህ መሻገሪያ ለሰው፣ ለከብትና ለጭነት አህያ ይበቃል። ሲደፈን ክዳኑን አንስቶ መጥረግ ይቻላል። መኪና የሚገባበት ግቢ ከሆነ ግን ባለሙያ ሳያማክሩ በዚህ መተማመን አይገባም። ድንጋዩ ቱቦውን ከተካ 4,000 ብር ይቀራል።

እንግዲህ ከ12,000 ብር ላይ 2,200 ብርና 4,000 ብር ሲቀነስ የሚቀረው 5,800 ብር ነው። ግማሽ ያህሉ ገና ብር ሳንበደር ቀለለ ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

ዕቁብና ቅሬ

ለቀረው 5,800 ብር መጀመሪያ የሚታሰበው ዕቁብ ነው። 12 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 6,000 ብር ያገኛል። ዕቁብ ወለድ የለውም። የሚያስፈልገው መተማመንና ዋስ ብቻ ነው። ችግሩ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው። በነሐሴ የወጣ ዕጣ ለቱቦ አይደርስም። ስለዚህ ዕቁቡ ሲጀመር ለዳኛው ችግሩን ማስረዳት ያስፈልጋል። አባላቱ ከፈቀዱ ዕጣ መለዋወጥ የተለመደ ነው። የተቀበለ ሰው ግን እስከ መጨረሻው መጣል አለበት። ተቀብሎ የሚያቋርጥ ሰው የጎረቤቱን ቱቦ እንዳፈረሰ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ቅሬ ነው። በወሎ ቅሬ የምንለው ማኅበር በሌላ አገር ዕድር ይባላል። ቅሬ በዋናነት የተቋቋመው ለቀብርና ለኀዘን ነው። ነገር ግን ቤት ሲቃጠል ወይም ጎርፍ ቤት ሲያፈርስ አባላት ጉልበትና ቁሳቁስ የሚያዋጡባቸው ቅሬዎች አሉ። የእኛ ቅሬ ይህን ይፈቅዳል? ደንቡን እናንብበው። ካልተጻፈበት በስብሰባ ሊነሳ ይችላል። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቀብር ገንዘብ ለቱቦ ሁሉ ቢበተን ሞት የመጣ ቀን ቅሬው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ለጥገና የሚሰጠው በብድር መልክ ቢሆንና መጠኑ ቢወሰን ይመረጣል።

የቁጠባና ብድር ማኅበርና ባንክ

በዕቁብ ያልተሟላለት ሰው ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበር መሄድ ይችላል። እነዚህ ማኅበራት የሚተዳደሩት በኅብረት ሥራ ሕግ ነው። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው። ባለ ብዙ ገንዘብና ባለ ጥቂት ገንዘብ በድምፅ እኩል ናቸው። ሰው መጀመሪያ ይቆጥባል፤ ከዚያ በቁጠባው ልክ ታይቶ ይበደራል። ስለዚህ ቱቦው ከፈረሰ በኋላ አባል ልሁን ማለት ዘግይቷል። በደህናው ጊዜ አባል መሆን ይሻላል።

በአማራ ክልል ለብዙ ዓመታት ለገበሬው ብድር ሲሰጥ የቆየው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአጭሩ አብቁተ፣ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ወደ ባንክ አድጎ ጸደይ ባንክ ሆነ። አብቁተ በቡድን ዋስትና ያበድር እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በቡድን ዋስትና ጊዜ አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው ወደ ሌሎቹ ይዞራል። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምንቧደን አስቀድመን እንወቅ።

ወለድ በሃይማኖታቸው የማይፈቀድላቸው ወገኖችም አሉ። ለእነሱ ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ባንኮች ተቋቁመዋል። ለምሳሌ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ለደጃፍ ጥገና የሚሆን አገልግሎት ይኖር እንደሆነ ሄዶ መጠየቅ ነው። ዕቁብና ደቦም ከወለድ ነፃ መሆናቸውን እናስታውስ።

ከማንኛውም አበዳሪ ጋር ከመፈረማችን በፊት አንድ ጥያቄ አለ። «ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀረው ዕዳ ላይ?» ልዩነቱን በምሳሌ እንይ። አንድ ሰው 6,000 ብር በዓመት 18 ከመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። በየወሩ 500 ብር እየመለሰ በ12 ወር ይጨርሳል።

ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ ከታሰበ የዓመቱ ወለድ 1,080 ብር ይሆናል።
ወለዱ በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ከታሰበ ግን 585 ብር ብቻ ይሆናል።

ሁለቱም «18 ከመቶ» ይባላሉ። ልዩነቱ 495 ብር ነው። ማንበብና መቁጠር የቻለ ሰው ይህን ይጠይቃል። ውሉን ሳያነብ አይፈርምም። ያልገባውን ቃል «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳያውቁ መፈረም ግን ቤት ያስፈታል።

ከአራጣ እንራቅ

ጎርፍ በደጃፍ ቆሞ ሳለ አራጣ አበዳሪ ፈጥኖ ይደርሳል። ወረቀት አያበዛም፤ ጊዜም አይወስድም። ግን ሒሳቡን እናስላ። 100 ብር በወር 10 ብር ቢወልድ 6,000 ብር በወር 600 ብር ይወልዳል። በ10 ወር ወለዱ ብቻ 6,000 ብር ይሆናል። ሰውየው 6,000 ብር ከፍሎ ዋናው ዕዳ አሁንም እንዳለ ነው። ለአንድ ቱቦ ብሎ የተበደረ ሰው በመጨረሻ በሬውን ይሸጣል፤ ወይም ማሳውን ያከራያል። ውሃው ያልወሰደውን አራጣ ወሰደው ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ጎርፉን በጊዜያዊ ቦይና በድንጋይ መመለስ ከአራጣ ይሻላል።

ጉልበትም ገንዘብም የሌላቸው

ደቦ ለመጥራት ቆሎ የሌላቸው፣ ዕቁብ ለመጣል ብር የማያገኙ ወገኖች አሉ። አረጋውያን፣ ሕመምተኞችና ልጅ ይዘው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች «ተበደሩ» ማለት ምክር አይሆንም።

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ይህን ልዩነት ይዞ ነው የተነሳው። መሥራት የሚችሉት በማኅበራዊ ሥራ ላይ ተሰማርተው ይከፈላቸዋል። መሥራት የማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ከማኅበራዊ ሥራዎቹ መካከል አፈርና ውሃ ጥበቃና የገጠር መንገድ ይገኙበታል። የግል ደጃፍ በዚህ ሥራ አይጠገንም። ነገር ግን ከመንደሩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቢቆፈር ለሁሉም ቤት ይጠቅማል። ይህ ሥራ በቀበሌው ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ በስብሰባ መጠየቅ ይቻላል። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ቀበሌ የለም፤ በቀበሌው መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሌላ አገር እንዴት ያደርጋሉ? በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ የገጠር ቤት ባለቤቶች የቤት መጠገኛ ገንዘብ ይሰጣል። መክፈል ለሚችለው በዓመት 1 ከመቶ ወለድ በ20 ዓመት የሚመለስ ብድር ነው። ዕድሜያቸው 62 ዓመት ለሞላና ብድር መመለስ ለማይችሉ ደግሞ የማይመለስ ዕርዳታ ይሰጣል። የእኛ አገር አቅም እንደዚያ አይደለም። ሐሳቡ ግን ለቅሬያችንና ለማኅበራችን ይሆናል። ለሚችል ብድር፣ ለማይችል ዕርዳታ፤ ማን በየትኛው ውስጥ እንደሚገባ ደግሞ አስቀድሞ በደንብ ይጻፍ። አለዚያ ዕርዳታው ለባለ ዘመድ ይሆናል።

በ2015 ዓ.ም. በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት የመንግሥት አገልግሎት በብዙ ቦታ ተስተጓጉሏል። ይህም ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው መረዳዳት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳየናል። ጽሕፈት ቤት ቢዘጋም ደቦ አይዘጋም።

ሥራው በየትኛው ወር ይሠራ?

ለጥገና ገንዘብ ከማግኘት እኩል ጊዜን ማወቅ ይጠቅማል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ሥራው ከዝናቡ መቅደም አለበት።

መስከረምና ጥቅምት፦ ክረምቱ የተወውን ምልክት እንመልከት። ውሃው የት ሞላ? የት ቦረቦረ? ምልክቱ ሳይጠፋ በካስማ እናመልክት።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ እህል የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። እጅ ብር በሚያይበት በዚህ ጊዜ ቁጠባውንና ዕቁቡን እናጠናክር። ማመልከቻም ይግባ።

ከጥር እስከ መጋቢት፦ መሬቱ ደርቋል። ደቦው ይጠራ፤ ቁፋሮውና ግንባታው ይሠራ። ዝቅታውን በዓይን መገመት ያሳስታል። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ጎማ ውሃ ሞልተን ሁለቱን ጫፎች ብናነሳ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በዚህ መለካት ይቻላል።

ሚያዝያና ግንቦት፦ የቱቦውን አፍ እንጥረግ። በመውጫው ድንጋይ እናንጥፍ። ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይለቀቅ እንይ። የራስን ደጃፍ አድኖ የጎረቤትን ማሳ ማስቦርቦር ጥል ያመጣል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦ ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላ ቱቦውን እንመልከት። የአንድ ሰዓት ጠረጋ የሺህ ብር ጥገና ያስቀራል።

በአጭሩ፣ የፈረሰ ቱቦ የሚጠገነው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ምክንያቱን ማወቅ፤ ቀጥሎ የሕዝቡን ከግሉ መለየት፤ ከዚያ በጎረቤት ጉልበትና በአካባቢ ድንጋይ ወጪውን መቀነስ፤ የቀረውን በዕቁብ ወይም በቁጠባ መሸፈን። ብድር የመጨረሻው ነው፤ እሱም ውሉ ተነብቦ። አራጣ ግን ከመጨረሻውም በኋላ አይታሰብም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ የፈረሱ ቱቦዎች የትኞቹ ናቸው? ምክንያታቸው ከተዘረዘሩት ውስጥ የትኛው ነው?
2. ከእነዚህ መካከል የሕዝብ የሆነውና የግል የሆነው የቱ ነው?
3. የቅሬያችሁ ደንብ በጎርፍ ለተጎዳ አባል ምን ይላል?
4. 10 ሰዎች በየወሩ 400 ብር ዕቁብ ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት ስንት ብር ያገኛል? ለ5,800 ብር ወጪ ስንት ይጎድለዋል?
5. ከላይ ያለውን ማመልከቻ ባዶ ቦታውን እየሞላችሁ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።